ማን ምን ሰጠው? «ዜይ ወርክ ፎር ዩ» የተባለው ድረ ገጽ ሲፈተሽ

እንግሊዝ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን የፓርላማ ተወካያችንን ስም የምንሰማው ምርጫ ሲደርስ ነው። በራሪ ወረቀቱ በበር ይገባል፣ ፎቶው ፈገግ ብሏል፣ ድምፃችንን ሰጥተን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ማን እራት ጋበዘው፣ ማን የኳስ ትኬት ሰጠው፣ ማን ሱፍ ገዛለት የሚለውን የምናውቀው ጋዜጣ ሲጮህ ብቻ ነው። ጋዜጣ እስኪጮህ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ሁሉም በስልካችን ላይ አለ፣ ያውም በነጻ።

ድረ ገጹ «ዜይ ወርክ ፎር ዩ» ይባላል። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው ማይ ሶሳይቲ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በየመንገዱ የተጣለ ቆሻሻ ወይም የተበላሸ የመንገድ መብራት «ፊክስ ማይ ስትሪት» ላይ ሪፖርት አድርጋችሁ ከሆነ፣ ያንንም የሠሩት እነሱ ናቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፣ ለጓደኞቼም አሳይቻለሁ። አፌን ሞልቼ ተጠቀሙበት እላለሁ። ግን የት ድረስ እንደሚወስደን፣ የት ላይ እንደሚያቆመንም መናገር አለብኝ። ምክንያቱም እሱ በሚያቆምበት ቦታ ነው የፖለቲከኞቹ ሰበብ የሚጀምረው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የቤታችሁን ፖስት ኮድ ታስገባላችሁ፣ የተወካያችሁ ገጽ ይከፈታል። ምን ተናገረ፣ በየትኛው ሕግ ላይ እንዴት ድምፅ ሰጠ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። እዚያው ገጽ ላይ የገንዘብ ጥቅሞች መዝገብ የሚል ክፍል አለ። እሱን ንኩት። ትርፍ ሥራ፣ የፖለቲካ መዋጮ፣ ስጦታና ግብዣ፣ የውጭ አገር ጉዞ፣ ቤትና መሬት፣ አክሲዮን፣ ደመወዝ የሚከፈለው ዘመድ፣ ሁሉም በየራሱ ክፍል ተቀምጧል።

መዝገቡን ድረ ገጹ አልፈጠረውም። የፓርላማው ነው። የተጀመረው በ1970ዎቹ ውስጥ ጆን ፖልሰን የሚባል አርክቴክት የመንግሥት ግንባታ ሥራ ለማግኘት ብዙ ባለሥልጣናትን በገንዘብ መያዙ ሲጋለጥ ነው። ጣጣው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሬጂናልድ ሞድሊንግም ተርፎ በ1972 ሥልጣን ለቀቁ። ፓርላማው በ1974 መዝገቡ ግዴታ እንዲሆን ወሰነ። ዛሬ አንድ ተመራጭ ከአንድ የአገር ውስጥ ሰጪ ከ300 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ስጦታ ወይም ግብዣ ከተቀበለ በ28 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። መዝገቡም ፓርላማው ሥራ ላይ እያለ በየሁለት ሳምንቱ ይታደሳል።

እንግዲህ 300 ፓውንድን ልብ በሉልኝ። በጁላይ 2024 መንግሥት ከአብዛኞቹ ጡረተኞች ላይ ያነሳው የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ለአንድ ቤት 200 ወይም 300 ፓውንድ ነበር። ቁጣው በርትቶ በ2025 ገቢያቸው እስከ 35,000 ፓውንድ ለሆነ ጡረተኞች መለሱት። ለአንድ አዛውንት ክረምቱን በሙቀትና በብርድ መካከል የሚለየው ገንዘብ፣ ለአንድ ተመራጭ ለመጻፍ እንኳ የማያስገድድ ጥቃቅን ነገር ነው። ይኼ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ የሚያንገበግበኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። ነርስ ነኝ። ኤንኤችኤስ በሚባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት መመሪያ ጥሬ ገንዘብና የስጦታ ካርድ ከበሽተኛ መቀበል ፈጽሞ አይቻልም። ለምስጋና የሚሰጥ ቸኮሌት ወይም አበባ ይፈቀዳል፤ ከ50 ፓውንድ ካለፈ ግን ለራስ አይወሰድም። የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ከሚሰጡት ደግሞ ስማቸው የታተመበት እስክሪብቶና የመሳሰለው፣ ያውም እስከ 6 ፓውንድ ድረስ ብቻ ነው። ስድስት ፓውንድ። የቡናና የኬክ ዋጋ።

አንድ ጊዜ እኛ ዋርድ የተኙ የአገራችን ሰው ነበሩ። ሲወጡ ጠሩኝና እጄን ይዘው መረቁኝ። ከዚያ ፖስታ አወጡ። ከውስጡ የ20 ፓውንድ ኖት ጫፍ ይታያል።

«እንኪ ልጄ፣ ለሻይ ነው።»

«አባባ፣ ምርቃትዎ ይበቃኛል። ገንዘብ መቀበል ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

«እኔ የማውቀው ልጅነትሽን ነው። ደንቡን ምን አደርገዋለሁ?»

ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድም ተብለን ላደግን ሰዎች፣ የአባትን እጅ መመለስ ነውር ነው። እሳቸውም የናቅኳቸው መሰላቸው። ልጃቸው መጥታ አስረዳቻቸው። በማግስቱ ለዋርዱ በሙሉ አንድ ካርቶን ብስኩት ላኩ፣ ሁላችንም በላን፣ ነገሩ በሰላም አለቀ።

ደንቡ የወጣው እሳቸውን በመጠርጠር አይደለም። የሳቸው ልብ ንጹሕ ነው፣ የኔም እጅ ቢቀበል ሥራዬን አላበላሽም ነበር ብዬ አምናለሁ። ደንቡ የወጣው በሚቀጥለው አልጋ ላይ ለተኙት ነው። ፖስታ የሌላቸው፣ ጠያቂ የማይመጣላቸው፣ ደወል ሲጫኑ «ያኛውን ቀድማ ያየችው ስለሰጣት ይሆን?» ብለው ሊያስቡ የሚችሉት ሰውዬ። እሳቸው ያንን እንዳያስቡ ነው ሃያ ፓውንዱ የሚመለሰው።

ይህን ይዤ ነው የፖለቲከኞቹን መዝገብ የማነበው። ስጦታ የሚጎዳው ያልሰጠውን ሰው ነው። የፖለቲከኞቹን ሰበብ ሁሉ ስትሰሙ ደግሞ፣ ስለዚያ ያልሰጠ ሰው አንድ ቃል የለበትም።

ዋናውን ምሳሌ እንየው። ሰር ኪር ስታርመር በጁላይ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር ወር አጋማሽ፣ ለባለቤታቸው የተሰጡ ልብሶችን በጊዜው አላስመዘገቡም የሚል ዜና ወጣ። ሰጪው ሎርድ ዋሂድ አሊ ናቸው። በቴሌቪዥን ሥራ ሀብት ያፈሩ፣ የኢንተርኔት ልብስ ሻጩን የኤሶስን ቦርድ የመሩ፣ ከ1998 ጀምሮ የላይኛው ምክር ቤት አባል የሆኑ፣ ለስታርመር ፓርቲ ለሌበር ምርጫ ገንዘብ ያሰባሰቡ ሰው ናቸው። ሌበር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ፣ ወደ ዳውኒንግ ስትሪት፣ የሚያስገባ መታወቂያ ተሰጥቷቸው እንደነበርም ታውቋል።

ያኔ የስታርመርን ገጽ ከፍቼ አነበብኩ። ድረ ገጹ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጋዜጠኛ ያጋነነውም፣ ተቃዋሚ የጨመረበትም የለም። ሰውየው ራሳቸው ያስመዘገቡት ነው። የሰጪው ስም፣ የተሰጠው ነገር፣ ዋጋው፣ ቀኑ። የሥራ ልብስ፣ 16,200 ፓውንድ። መነጽሮች፣ 2,485 ፓውንድ። ማረፊያ ቤት፣ ከሜይ 29 እስከ ጁላይ 13፣ 20,437 ፓውንድ ከሳንቲሙ። ሁሉም ከአንድ ሰው። ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተሉ አባቶች ደግሞ የአርሰናልን ትኬት መስመር ሲያዩ ይደነቃሉ። የቴይለር ስዊፍት ኮንሰርት ትኬትም አለ፤ አራቱ 4,000 ፓውንድ፣ ሰጪው ራሱ ፕሪሚየር ሊግ።

አንዱ መስመር ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡት። «መነጽሮች» ይላል፣ በብዙ ቁጥር። ሰው ዓይኑ ቢደክም መነጽር ያስፈልገዋል፣ እኔም አደርጋለሁ። ለሥራ የምቆምበትን ጫማ የምገዛው ግን ከደመወዜ ነው። የአንድ ተራ የፓርላማ አባል ደመወዝ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በዓመት 91,346 ፓውንድ ነበር። ስታርመር ያኔ የነበሩበት የተቃዋሚ መሪነት ደግሞ ከዚያ በላይ ያስገኛል። መነጽር መግዛት ያቅተዋል?

ሰበቦቹ ተራ በተራ መጡ። የልብሱን ሰበብ ያቀረቡት በዋናነት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ላሚ ናቸው። ሌላ አገር፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ መሪዎች አገራቸውን ወክለው ሲታዩ አምረው እንዲታዩ በጀት አለ፣ እዚህ ግን የለም አሉ። እሺ፣ ልብስ ለአገር ገጽታ ያስፈልጋል እንበል። እንግዲያው ፓርላማው በጀት ይያዝለት፣ ሁላችንም እንየው፣ ሁላችንም እንክፈለው። የኔና የእናንተ ግብር የገዛው ሱፍ ለማንም ውለታ የለበትም። ከአንድ ሀብታም እጅ የመጣ ሱፍ ግን ባለቤት አለው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አባቶቻችን ይኼንን ነው ያሉት። ጥቂት ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 20፣ ስታርመር፣ የዚያን ጊዜ ምክትላቸው የነበሩት አንጀላ ሬይነርና የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ከእንግዲህ የልብስ ስጦታ እንደማይቀበሉ ተነገረ። ልብሱ በእርግጥ ለአገር አስፈላጊ ከነበረ ለምን ተዉት? ካላስፈለገስ መጀመሪያ ለምን ወሰዱት?

የቤቱ ሰበብ ልብ ይነካል። ልጃቸው ጂሲኤስኢ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና እየተፈተነ ነበር፣ በራቸው ላይ ጋዜጠኞች ተደርድረው ነበር፣ ልጁ በሰላም እንዲያጠና ወደ ሎርድ አሊ ቤት ተዛወሩ፣ ማንም ወላጅ ይህን ያደርጋል አሉ። ኮቨንት ጋርደን ያለ፣ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል የተባለ የመጨረሻ ፎቅ አፓርታማ ነው። ወላጅ ስለሆንኩ ይገባኛል። ልጅ ሲፈተን ቤቱ ሁሉ አብሮ ይፈተናል። ነገር ግን ቀኑን ተመልከቱ። መዝገቡ እስከ ጁላይ 13 ይላል። ፈተናው የሚያልቀው ጁን ውስጥ ነው። ምርጫው ራሱ ጁላይ 4 ነበር። እኔ በዚህ ሰበብ የማልስማማው ከምንም በላይ ግን ስለሌሎቹ ልጆች ስለማስብ ነው። አንድ መኝታ ባለው ፍላት ውስጥ ከሦስት ወንድምና እህት ጋር የሚያጠኑ፣ ላይብረሪው አመሻሽ ላይ ሲዘጋ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው የሚከልሱ የእኛ ልጆች አሉ። ለእነሱ አባት የኮቨንት ጋርደን ቁልፍ የሚሰጥ ሰው የለም። ያ አባት ልጁን ስለማይወድ ይመስላችኋል?

የአርሰናሉ ሰበብ ከሁሉም ይሻላል፣ ሐቁን ልናገር። ሰውየው የረጅም ጊዜ ደጋፊ ናቸው፣ የራሳቸው የዓመት ትኬት አላቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ከሕዝቡ መሃል መቀመጥ ለጥበቃ አስቸጋሪ ነው፣ ተጨማሪ ፖሊስ ቢመደብ ወጪው የሕዝብ ነው፣ ስለዚህ የእንግዳ ክፍሉ ይሻላል አሉ። ግብዣ አልቀበልም ብዬ ሁለተኛ ጨዋታ አልይ ማለት ከልክ ያለፈ ነው ብለዋል። ይኼ ውኃ የሚያነሳ ምክንያት ነው። ሆኖም የስጦታውን ሌላኛውን ጫፍ እንይ። በዚያው ጊዜ የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ የእግር ኳስ ክለቦችን የሚቆጣጠር አዲስ ተቋም የሚያቋቁም ሕግ ነበር። ፕሪሚየር ሊጉ ሕጉን ሲሞግት ቆይቷል። ሕጉ በ2025 ወጥቷል፣ ስለዚህ ትኬቱ ሕጉን ገዛው አልልም። የምለው ይኼ ነው፦ ሊጉ በጨዋታው የዕረፍት ሰዓት ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ሊያወራ ይችላል። ክለቡ በባለቤቶቹ ስህተት የፈረሰበት የትንሽ ከተማ ደጋፊ አይችልም። እሱም ያልሰጠ ሰው ነው።

የኮንሰርቱን ትኬት በተመለከተ፣ እሳቸውም የስዊፍት ትኬት የተቀበሉት የትምህርት ሚኒስትሯ ብሪጅት ፊሊፕሰን፣ አንድ ልጃቸው ስለጓጓ ግብዣውን እምቢ ማለት ከባድ ነበር ብለዋል። ቢያንስ እውነቷን ተናግራለች። ከባድ ነው። የአባባን ፖስታ መመለስም ከባድ ነበር።

በኦክቶበር 2 ስታርመር ከ6,000 ፓውንድ በላይ ከኪሳቸው መለሱ። የተመለሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ወዲህ የተቀበሉት ነው፦ የቴይለር ስዊፍት ትኬቶች፣ የፈረስ ውድድር ትኬት፣ ለባለቤታቸው የተከራየ ልብስ። ቀደም ሲል የወሰዱት ሱፍና መነጽር እንዳለ ቀረ። መመለሱ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ከጁላይ በኋላ ያልተገባው ነገር ከጁላይ በፊት እንዴት ተገባ? ሎርድ አሊ የሰጡት ነገ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል ተብሎ ለሚጠበቅ ሰው መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ይህን ስጽፍ አንዱን ፓርቲ ለይቼ እየወረፍኩ እንዳይመስላችሁ። ወደ ኋላ ሄዳችሁ የኮንሰርቫቲቩን ጠቅላይ ሚኒስትር የቦሪስ ጆንሰንን ጊዜ አስታውሱ። የዳውኒንግ ስትሪቱን አፓርታማ ለማሳደስ መንግሥት በዓመት 30,000 ፓውንድ ይሰጣል። አልበቃም ተባለና ሎርድ ብራውንሎ የተባሉ የፓርቲው ለጋሽ ከ112,000 ፓውንድ በላይ ሸፈኑ። በኋላ ጆንሰን ወጪውን ከራሳቸው ከፈሉ። የምርጫ ኮሚሽኑ ገንዘቡ በትክክል አልተመዘገበም ብሎ ፓርቲውን በዲሴምበር 2021 17,800 ፓውንድ ቀጣው። ጆንሰን ከለጋሹ ጋር ስለ እድሳቱ በዋትሳፕ እንደተጻጻፉ ሲታወቅ ደግሞ፣ ለምን መልእክቱን ለመርማሪው አላሳዩም ተባሉ። ስልክ ቀይሬ ስለነበር አላገኘሁትም አሉ። ይቅርታም ጠየቁ። እኛ ዋርድ የመድኃኒት መዝገብ ቢጠፋና «ስልክ ቀይሬ ነው» ብል በማግስቱ ሥራ የለኝም።

ለዚህ ዓይነቱ የኋላ ታሪክ ድረ ገጹ አንድ በጣም የምወደው ነገር አለው። ፓርላማው በየጊዜው በሚያወጣው መዝገብ ላይ አንድ ስጦታ የሚቆየው በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ ከአዲሱ እትም ላይ ይወርዳል። «ዜይ ወርክ ፎር ዩ» ግን የድሮዎቹን እትሞች ይዞ የተጨመረውንና የወረደውን እያነጻጸረ ያሳያል። አምስት ዓመት የቆየ ውለታ ዛሬ ላይ ሊጠየቅ ይችላል፣ ስለዚህ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። የኢሜይል ማሳወቂያም አለው። የተወካያችሁን ስም ታስገባላችሁ፣ ፓርላማ ውስጥ በተናገረ ቁጥር ይደርሳችኋል።

ሌላው ጥሩ ነገር ድምፁና ስጦታው ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። እኔ በራሴ ተወካይ ገጽ ላይ ከአንድ የቁማር ድርጅት የተሰጠ የኳስ ትኬትና ምግብ አገኘሁ። እኛ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ የቁማር ቤት በቁማር ቤት ላይ ነው። በቀን ሠርተው ማታ ደመወዛቸውን እዚያ የሚጥሉ ወንድሞች አውቃለሁ፣ ቤታቸው የፈረሰም አለ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ራይት ቱ ዜም» የሚባለው የዚሁ ድርጅት ሌላ ገጽ ላይ ገብቼ ጻፍኩ። ፖስት ኮድ ታስገባላችሁ፣ ደብዳቤውን ትጽፋላችሁ፣ እነሱ ያደርሱላችኋል። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ ይህ ድርጅት ለምን የጋበዘዎት ይመስልዎታል? በግብዣው ላይስ ስለ ምን ተነጋገራችሁ?

ከቢሮው መልስ መጣ። ትሁት ደብዳቤ ነው፣ በስሜ ነው የጀመረው። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ተመዝግቧል።

መመዝገቡንማ እኔም አይቼዋለሁ፣ ካየሁት በኋላ ነው የጠየቅኩት። የሁሉም ሰበብ ማረፊያ ይኸው ነው። የስታርመርም ቢሮ፣ የጆንሰንም ቢሮ፣ የእኔም ተወካይ ቢሮ መጨረሻ ላይ «ተመዝግቧል» ይላሉ። ሕዝቡ እንዲጠይቅበት የወጣ መዝገብ ሕዝቡን ዝም ማሰኛ ሆኗል። ለነርሷ «አትውሰጂ» የሚል አገር ለሕግ አውጪው «ውሰድና ጻፍ» ይላል። ሕግ የሚያወጣ ሰው ከኔ ያነሰ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል የሚል ካለ ምክንያቱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ስለ አገልግሎቱ ጉድለትም ልናገር። መዝገቡ ላይ ያለው ዋጋ ተቀባዩ ያስመዘገበው ዋጋ ነው። ሚኒስትሮች በሚኒስትርነታቸው የሚቀበሉት ግብዣ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በሌላ መንገድ፣ በየሦስት ወሩ፣ ዋጋው ሳይጻፍ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ኮንሰርት ላይ አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ተራው ተመራጭ ዋጋውን ሲጽፍ ሚኒስትሩ ላይጽፍ ይችል ነበር። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ፣ በኖቬምበር 2024 በወጣው የሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ፣ በየወሩ ከነዋጋው እንዲወጣ ተደረገ። ጩኸት ይሠራል ማለት ነው። ግን እሱን የሚያወጣው መንግሥት ራሱ ነው፣ ስለዚህ ተወካያችሁ ሚኒስትር ከሆነ የመንግሥትን ድረ ገጽም አብራችሁ እዩ፣ በአንዱ ብቻ አትርኩ።

ቋንቋውም ይከብዳል። የመዝገቡ እንግሊዝኛ የሕግ እንግሊዝኛ ነው። እናቴ ብትከፍተው አንድ መስመር አትዘልቅም። ለዚህ ነው ከአምስት ኮከብ አራት የምሰጠው። የቀረችው አንዷ ኮከብ፣ ማሞቂያው ተነስቶባቸው የነበሩት አዛውንቶች ራሳቸው ሊያነቡት የሚችሉበት ቀን ስትመጣ ትሞላለች። እስከዚያው እኛ ልጆቻቸው እናንብብላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ስልካችሁን አውጡ፣ ፖስት ኮዳቸውን አስገቡ፣ ስጦታና ግብዣ የሚለውን ክፍል በአማርኛ ተርጉሙላቸው። እኔ ስሞክረው አንድ አባት «ይኼ ሰውዬ ስንት ሱፍ ነው የሚለብሰው?» ብለው ጠየቁ፣ ከዚያ ስለ ቤት ጥበት ያመለከቱት ደብዳቤ መልስ እንዳላገኘ ነገሩን። ደብዳቤውን ያን ዕለት አብረን እንደገና ጻፍነው።

ለተወካያችሁ ስትጽፉ ከኔ ተሞክሮ አንድ ነገር ውሰዱ። «አስመዝግበዋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ የታወቀ ነው። ስጦታው ከተሰጠ በኋላ ተወካዩ ሰጪውን ስንት ጊዜ እንዳገኘው ጠይቁ። በዚያው ወር ቀጠሮ ጠይቆ ያላገኘ የምርጫ ክልሉ ነዋሪ እንዳለ ጠይቁ። የሰጪው ጉዳይ ፓርላማ ሲቀርብ ስጦታውን ተናግሮ እንደሆነ ጠይቁ፣ ይህን መናገር ግዴታው ነውና። ድምፁን ከፈለጋችሁ እዚያው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ በእነዚህ ጥያቄዎች ልኬያለሁ። የኢሜይል ማሳወቂያውም ተከፍቷል። መልስ ሲመጣ፣ ስም ሳልጠቅስ፣ ምን እንዳለ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።